ከቁጥር 417 ሥር የተኛው

ፖርቶ አልማግሬ
ረቡዕ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1994

ለእትዬ ኩካ፣

ፖስታውን እያገላበጥሽ የማን እጅ ነው ብለሽ አትድከሚ። የኔ ነው። የጎረቤት ልጅ አልጻፈልኝም፤ ቄሱም አልጻፉልኝም። ከላይ ካለው ቀን ጀምሮ ታች እስካለው ፊርማ ድረስ የወንድምሽ የክሪሳንቶ ላብ ነው። ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ሐኪሙ የሰጠሽን ክኒን ትውጫለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ከቅዱሳኑ ሥዕል ጀርባ ትደብቂዋለሽ? እኔ እህል ይበላልኛል፣ እንቅልፍም አላጣሁም፤ የሄድኩበት ጉዳይ ግን እንዳሰብኩት አልሆነም። እሱን ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ። ደግሞ በቀስታ ካልሆነ መጻፍ አልችልም።

መምህርት ኢሜልዳ ከማታ ተማሪዎቿ ሁሉ አንደኛ መሆኔን በሰው ፊት ተናግራልኛለች። ሰባት ነበርን። ሁለቱ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋሉ፣ አንዱ የመጣው ለመምህርቷ ዓይን ሲል ነው፤ ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። አንቺ ታውቂያለሽ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሱቅ ስም በግድግዳ ላይ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ባለሱቁ በወረቀት ይሰጠኛል፤ እኔ ሥዕል ነው ብዬ እገለብጣለሁ። የላ ኖሪያን መንደር በሙሉ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። የፀጉር አስተካካዩ በር ላይ «ውሻ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሃያ ዓመት ውሻዬን ይዤ የገባሁትም እኔ ነኝ። ሰውየው ምን ያህል ቢታገሠኝ ነው እላለሁ አሁን።

ከጓይማስ በመርከብ ስንሻገር የተለጠፈውን ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። የመንሳፈፊያው ሰደርያ የት እንዳለ፣ መርከቧ ስንት ሰው እንደምትጭን፣ ወለሉ ላይ መትፋት እንደማይቻል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ተቆጣጣሪ ነዎት ወይ አለችኝ። ገና አልተሾምኩም አልኳት። ከዚያ ወዲያ እስክንደርስ ድረስ የትፋት ነገር የሚያስብ አልነበረም።

ለምን እንደመጣሁ ታውቂያለሽ። የአባዬን አጥንት አውጥቼ እማዬ ጎን ላሳርፍ ነው። በአንድ ጎኗ እንጀራ አባታችን ዶን አናስታሲዮ አለ፣ በሌላው ጎን ባዶ ቦታ አለ፤ ሁለቱ ባሎች እዚያ ተስማምተው ይተኙ ብዬ ላስቅሽ ስሞክር አልሳቅሽም። አትሂድ አልሽኝ። መጀመሪያ ባሕሩን ምክንያት አደረግሽ፣ ቀጥሎ ሙቀቱን፣ ቀጥሎ ወገቤን። ለሁሉም መልስ ስሰጥሽ «የሞተን ሰው ተወው» ብለሽ ጓዳ ገባሽ። እኔ ግን በስድስት ዓመቴ ጥሎኝ የሄደውን ሰው ፊቱን እንኳ አላስታውሰውም። ፊቱን ካላገኘሁ አጥንቱን ልሸከም አልኩ። ከመሳቢያሽ ያገኘሁት ያ የ1941 ቴሌግራም፣ መጀመሪያ በራሴ ዓይን ያነበብኩት የቤታችን ወረቀት እሱ ነው። «ቁጥር 417 ሊቦሪዮ አርባዮ በሥራ ላይ ሞቷል። ተቀብሯል።» ይኸው ነው። ከዚያ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ የማስነሻ ፈቃዱን ራሴ አንብቤ ራሴ ፈረምኩ። ሁለት ማኅተም አለው።

ከተማዋን መጀመሪያ ያየሁት ከመርከቡ ላይ ሆኜ ነው። የባሕሩ ዳር እንደ ከሰል ጥቁር ነው። ድሮ የከሰል መርከብ ሰምጦ ነው ብዬ አጠገቤ ለቆሙት አስረዳሁ፤ ሁሉም አመኑኝ። ኋላ ሳጣራ ለካ ከማቅለጫው ምድጃ ለሰባ ዓመት ሲደፋ የኖረ የመዳብ ጥቀርሻ ነው። እፍኝ አንስቼ አየሁት፣ አሸተትኩት፣ ትንሽ ቀመስኩት። ጣዕም የለውም። ቤቶቹ ሁሉ እንጨት ናቸው፣ በረንዳቸው ወደ መንገዱ የዞረ፣ ተሰልፈው የቆሙ፤ ከባሕር ማዶ የመጡት ባለማዕድኖች ለሠራተኛው የሠሯቸው። ቤተ ክርስቲያናቸው ብረት ነው። ቀልዴ አይደለም፤ ምሰሶው ብረት፣ ግድግዳው ብረት፣ በብሎን የታሰረ። ማንም ሳያየኝ ጠርዙን በጥፍሬ ፍቄ ቀለሙን ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ ጊዜ ተቀብቷል፣ ከሁሉም ሥር ያለው አረንጓዴ ነው። ይህን ለቄሱ ብነግራቸው ሃያ ዓመት ሲያገለግሉበት አላውቅም ነበር አሉ። ወንድምሽ በሁለተኛው ቀኑ ደረሰበት።

ጠዋት ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት የማዕድኑ ጡሩምባ ይጮሃል። ማዕድኑ ከተዘጋ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ወደ ሥራ የሚገባ ሰው የለም። ለምን ይጮሃል ብዬ ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅሁ። የዳቦ ቤቱ ሰው ዳቦዬ ደረሰ ለማለት ነው አለኝ። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ባሌን ለመቀስቀስ ነው አለች። ባሏ ደግሞ ልማድ ነው ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያሳመነኝ እሱ ነው።

ዓርብ ዕለት መቃብሩ ጋ ወጣሁ። ከከተማው በላይ፣ ባሕሩን የሚያይ ጉብታ ላይ ነው። ጠባቂው ኔሜሲዮ ይባላል፤ ጥርሱ ግማሹ ያለቀ፣ እንደኔ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። ለሙታኑ አበባና ምግብ የምናኖርበት የሙታን ቀን ካለፈ ሁለት ቀኑ ስለነበር ብርቱካንማው አበባ ገና አልጠወለገም። የማዕድን ሠራተኞቹ በተቀበሩበት በኩል ያሉት መስቀሎች ከብረት የተቆረጡ ናቸው፤ ስም የለባቸውም፣ ቁጥር ብቻ።

«ስማቸውስ?» አልኩት።

«ስማቸውን ማን ያውቅላቸዋል? ሲገቡ ካቦው ቁጥር ይጠራል፣ ሲወጡ ቁጥር ይጠራል። ሚስቶቻቸው እንኳ ሲቆጡ ‹አንተ ሁለት መቶ ስምንት!› ነበር የሚሏቸው።»

«ውሸታም።»

«አዎ፤ ግን አያምርም?»

ወደድኩት።

417ን አገኘሁት። እጄን መስቀሉ ላይ ሳሳርፍ ሆዴ እንዲባባ ጠብቄ ነበር፤ ዓይኔ ግን የቀለም ሠሪ ዓይን ነውና ቀድሞ ሌላ ነገር አየ። መስቀሉ ዘንድሮ ተቀብቷል። ዝገት የሚባል የለበትም። አበባው ከጎረቤቶቹ ሁሉ ይበዛል፤ በሳህን ዳቦ፣ በጠርሙስ ቢራ ተቀምጦለታል። እትዬ፣ የዚህ ሰው ዘመዶች እኛ ብቻ ነን፤ እኛ ደግሞ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ አልመጣንም። ማን ነው የሚያስበው ብዬ ኔሜሲዮን ጠየቅሁት። ወረቀቴን ደጋግሞ አገላበጠ፣ ማኅተሞቹን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ ከዚያ ሰኞ ጠዋት እንቆፍራለን፣ እስከዚያ ዶማዬን ልሳል አለኝ። ዶማ ለመሳል ሦስት ቀን አይፈጅም። ወሬውን ሊያደርስ እንደሄደ ገብቶኛል፤ ለማን እንደሚያደርስ ነው ያላወቅሁት።

እሑድ የድሮውን የማዕድን ቢሮ ከፍቶ አሳየኝ፤ ቁልፉም እሱ ዘንድ ነው። ግድግዳው ላይ በር የሚያህል ሰሌዳ አለ፣ ሙሉው ምስማር፤ በየምስማሩ የናስ ቁጥር ተንጠልጥሏል። ሠራተኛው ሲወርድ ቁጥሩን ያነሳል፣ ሲወጣ መልሶ ይሰቅላል። ምስማሩ ባዶ ከሆነ ሰውየው ገና መሬት ውስጥ ነው ማለት ነው። የ417 ምስማር ባዶ ነው። ከፊቱ ቆሜ ብዙ ጊዜ አየሁት። ኔሜሲዮ ወሬኛው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

ሰኞ ዶማው ሊነሳ ሲል አንዲት ሴት ጃንጥላና በርጩማ ይዛ ጉብታውን ወጣች። ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ ደልደል ያለች፣ በመንገድ ላይ ሰው ቀድሞ ሰላም የሚላት ዓይነት ሴት ናት። በርጩማዋን 417 ላይ፣ ልክ የሰውየው ሆድ በሚሆንበት ቦታ፣ አደላድላ አስቀምጣ ተቀመጠችበት። ጃንጥላዋን ከፈተች።

«እንደምን አደሩ ጋሼ» አለችኝ። «የማንን አባት ሊወስዱ ነው የመጡት?»

«የራሴን። ፈቃድ አለኝ።»

«ሰምቻለሁ። ሁለት ማኅተም አለው አሉ።»

«አንዱ ክብ ነው» አልኳት።

«ጥሩ ነው። ግን እዚህ ሥር ያለው የኔ አባት ነው።»

እመቤቴ ተሳስተዋል አልኳት። ቁጥሩ 417 ነው፣ ሊቦሪዮ አርባዮ ይባላል፣ ቴሌግራሙ ቤታችን ውስጥ አለ፣ በራሴ ዓይን አንብቤዋለሁ። ይህን ሁሉ እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቀችኝ።

«ቁጥሩ የሊቦሪዮ ነው» አለች። «ሰውየው ግን ቲቡርሲዮ ነው።»

  ዘወር ብዬ ኔሜሲዮን ሳየው ዶማውን አጋድሞ ባርኔጣውን አውልቋል። እሱ ያውቃል። ለካ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ሴትየዋ ዶሚቲላ ትባላለች። የነገረችኝን እንደነገረችኝ ልጻፍልሽ።

በዚያን ጊዜ ሠራተኞቹ ቁጥር ይዋዋሱ ነበር። አንድ ሰው ታሞ ከቀረ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ ጓደኛው የራሱን ፈረቃ ጨርሶ ይወጣና የራሱን ቁጥር ሰቅሎ፣ የታመመውን ሰው ቁጥር አንስቶ ተመልሶ ይወርዳል። ካቦው የሚያየው ናሱን ነው። ፊትማ ሁሉም አንድ ነው፣ ጥቁር። በ1941 በኦገስት ወር አንድ ቀን አባዬ ሳይገባ ቀረ። ዶሚቲላ ትኩሳት ይዞት ነው ትላለች፤ ኔሜሲዮ ከአባቱ የሰማው ግን ሲጠጣ አድሮ ነው። ሁለቱንም ጽፌልሻለሁ፣ የወደድሽውን ውሰጂ። ጓደኛው ቲቡርሲዮ፣ የዶሚቲላ አባት፣ 417ን ይዞ ወረደ። ጣሪያው ተደረመሰ። ኩባንያው 417ን ቀበረ፤ ለ417 ቤተሰቦች ቴሌግራም ላከ። አባዬ ከአልጋው ሲነሳ ራሱን ሞቶ አገኘው።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እዚህ ጋ ሳቅሁ። መቃብር ላይ ቆሜ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ቀጠለች።

በመዝገቡ በሕይወት ያለው ቲቡርሲዮ ነው፣ ቁጥር 602። 602 በማግስቱ ካልገባ ሚስቱና ሦስቱ ልጆቹ ከኩባንያው ቤት ይወጣሉ። ትልቋ ዶሚቲላ ናት፣ አራት ዓመቷ። እውነቱ ቢወጣ ደግሞ ቁጥር ሲዋዋስ የነበረው ቡድን ሁሉ ይባረራል። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት ጡሩምባው ሲጮህ አባዬ ተነስቶ 602ን ከሰሌዳው አነሳና ወረደ።

«ለአንድ ሳምንት ነው ብሎ ነበር» አለች ዶሚቲላ። «መላው እስኪገኝ።»

«እና?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆየ።»

ጉድጓዱ ሳይቆፈር ቀረ። ቤቷ ይዛኝ ሄደች፤ ዓሣ ጠብሳ በትኩስ የበቆሎ ቂጣ ጠቅልላ አበላችኝ፤ ስበላ አገጬን ታያለች። የሱ አገጭ ነው አለችኝ። በረንዳዋ ጥግ ላይ አንዲት ክፍል ተለጥፋለች፤ በሯ ወደ መንገዱ ነው፣ ወደ ቤቱ የሚያስገባ በር የላትም። አባዬ የኖረው እዚያ ነው። አንድም ቀን ወደ እናቴ ክፍል አልገባም አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። እኔ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አምናታለሁ፤ በሌሎቹ ቀናት አላምናትም፤ እሑድ አላስበውም። ማዕድኑ ሲዘጋ ለዳቦ ቤቱ የምድጃ እንጨት ያመላልስ ነበር። የወተት ጥርሷን በክር የነቀለላት እሱ ነው፣ ስታገባም ክንዷን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ያስገባት እሱ ነው። «ሁለት አባት ነበረኝ» አለችኝ፤ «አንዱን ተኝቶ፣ አንዱን ቆሞ ነው የማውቃቸው።» የአባዬ ጉራም ለጉድ ነበር አሉ። በአገሬ በሶኖራ አርባ በቅሎ አለኝ ይል ነበር። እኛ እኮ አንዲት አህያ ነበረችን፣ እሷም አንድ ዓይና። ይህ አፌ ከየት እንደመጣ ስልሳ ሁለት ዓመት ሳልፈልግ ኖሬ አሁን ተነገረኝ።

እትዬ፣ ቀልዱን እዚህ ላይ ላቁመው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ጥቁሩ ባሕር ዳር ሄጄ ተቀመጥኩ። የኔን ጥርስ የነቀለልኝ ዶን አናስታሲዮ ነው። ጥሩ አድርጎ ነው የነቀለልኝ፤ ብሩሽ አያያዝ ያስተማረኝም እሱ ነው፣ በእሱ ቅሬታ የለኝም። ግን እኮ በሕይወት ነበር። አንድ ቀን በመርከብ፣ ሁለት ቀን በበቅሎ በሚደረስበት ቦታ ቁጭ ብሎ የሌላ ሰው ልጅ ጥርስ ይነቅል ነበር። እማዬ ጥቁር ለብሳ፣ እኔ በየመንገዱ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ባየሁ ቁጥር እየተከተልኩ። ተነሳሁና ድንጋይ ወደ ባሕሩ ወረወርኩ፤ እስኪደክመኝ ወረወርኩ። ራት ላይ ሳህኑን ሳልነካ መለስኩት። የቤቱ ባለቤት ሰውየው ታሟል ብላ ቅጠል አፍልታ አመጣችልኝ።

ትናንት ማክሰኞ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ ዶሚቲላ ጋ ተመለስኩ። ይሁን፣ መምጣቱን አልቻለም። ለምን አልጻፈም? እሱ መጻፍ ባይችል የሚጽፍለት ሰው ጠፋ?

 ገብታ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ ወጣች።

«ጽፏል» አለች። «በ1943፣ በዚያን ጊዜው ቄስ እጅ አስጽፎ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድፍረት ሲያጠራቅም ቆይቶ ነው። በሕይወት አለሁ፣ ልምጣ ወይ ብሎ ጠየቀ። ይህ መልሱ ነው።» ወረቀቱን ያዝ አድርጋ አየችኝ። «ወንድሜ፣ ላንብብልህ?»

መነጽሬን አወጣሁ። «ከክፍሌ አንደኛ ነኝ» አልኳት።

ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ነው፣ እጥፋቱ ላይ አልቋል። እንዲህ ይላል፦

«አባዬ። ደብዳቤህ ደርሷል። ያነበብኩት እኔ ብቻ ነኝ። እማዬ ለፋሲካ ዶን አናስታሲዮን አግብታለች፤ በቤተ ክርስቲያን ነው። ደግ ሰው ነው። እማዬ ማታ ማታ ማልቀስ ትታለች። ክሪስ አባዬ እያለ ይጠራዋል። አንተ ብትመጣ እማዬ ምን ትሆናለች? ብዙ አሰብኩ፣ የምጠይቀው ሰው የለኝም። እዚያው ብትሆን ይሻላል። በሕይወት በመኖርህ ደስ ብሎኛል። ይህን ለማንም አልናገርም።»

ፊርማ የለበትም።

እኔ በቀስታ ነው የማነበው፤ የሚቀጥለው ቃል ምን እንደሆነ እስኪመጣ አላውቅም። «ክሪስ» የሚለው ጋ ስደርስ ጣቴን አሳርፌ ቆየሁ። ዶሚቲላ ፊደሉ የጠፋኝ መስሏት ልትረዳኝ ጎንበስ አለች። ተይኝ አልኳት።

የጻፈችው ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። በዚያ ቤት ማንበብ የምትችል እሷ ብቻ ነበረች፤ ስለዚህ የመጣው ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚወድቀው እሷ ላይ ነው። ማንን ትጠይቅ? እናቷን ብትጠይቅ እናቷ በሁለት ባል መካከል ልትቆም ነው። ቄሱን ብትጠይቅ ያ ጋብቻ ይፈርሳል። ወንድሟን ብትጠይቅ ወንድሟ ወንጭፍ ይዞ እንሽላሊት ያሳድዳል፤ ፊደል ላስተምርህ ስትለው እንኳ በመስኮት ዘሎ የሚያመልጥ ዕቃ ነው። ከትናንት ጀምሮ እኔ በሷ ቦታ ብሆን ምን እጽፍ ነበር እያልኩ በጭንቅላቴ ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። ሦስቱም ጊዜ ከሷ የተሻለ አልመጣልኝም። እኔ ደግሞ አንደኛ የወጣሁ ሰው ነኝ።

አባዬ ይህ ሲነበብለት ምን አለ ብዬ ጠየቅሁ። ቄሱ አንድ ጊዜ አነበቡለት፤ ሁለተኛ ልድገምልህ ሲሉት በቃኝ አለ። በረንዳው ላይ እስኪመሽ ተቀመጠ። ከዚያ ቄሱን ፍለጋ ሄደና ይህን የጻፈችው ልጄ ራሷ ናት ወይ ብሎ ጠየቃቸው። አዎ፣ የልጅ እጅ ነው አሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወረቀቱን በደረት ኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። ወደብ ላይ፣ ማዕድኑ በር ላይ፣ ዳቦ ቤት፣ ያገኘውን ሰው ሁሉ አስቁሞ ያሳያል። «የልጄ እጅ ነው። እዩት፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ አንድ ጠብታ ቀለም አልፈሰሰበትም።» ካዩት ብዙዎቹ እንደሱ አያነቡም። ምን ይላል ሲሉት «ሁሉም ደህና ናቸው ይላል» ይላቸው ነበር።

«አልተቆጣም?» አልኳት።

«በማን?» አለች ዶሚቲላ።

መቃብሩን ጠየቅሁ። ከ417 አሥር እርምጃ ወደ ላይ ነው። 602 የሚል መስቀል ቆሞበታል፤ እንደኖረበት ቁጥር ቀበሩት። ዶሚቲላ፣ መውሰድ ከፈለግህ አልከለክልህም፣ መብቱ ያንተ ነው፣ ፈቃዱን ቁጥሩን ብቻ ማስለወጥ ነው አለችኝ። ይህን ስትል ወደ ባሕሩ ነበር የምታየው፤ ጃንጥላዋን አልዘረጋችም፣ በርጩማም አላመጣችም። አንድ ሰዓት ያህል አሰብኩ። ሊመጣ ጠይቆ መልሱን በኪሱ ይዞ የተቀመጠ ሰው ነው። አሁን ባላንጣ የለም ብዬ በሳጥን ጭኜ ባመጣው ምን ልለው ነው? አይሆንም አልኩ። እዚሁ ይሁን።

እጄን አጣጥፌ ግን አልቀረሁም። ዛሬ ጠዋት ከኔሜሲዮ ብሩሽ፣ ከወደቡ የጀልባ ቀለም ለምኜ ወጣሁ። 417 ላይ «ቲቡርሲዮ ሳንዶቫል» ብዬ ጻፍኩ። 602 ላይ «ሊቦሪዮ አርባዮ» ብዬ ጻፍኩ። ኔሜሲዮ ከኋላዬ ቆሞ ይህቺ ዘንበል ብላለች፣ ያቺ ወፍራለች ይለኛል፤ አንዲት ፊደል የማያውቅ ሰው! ቁጥሮቹን ላጥፋቸው ወይ ስለው ተዋቸው፣ እርስ በርስ የሚተዋወቁት በቁጥር ነው አለኝ። ተውኳቸው። እትዬ፣ በሕይወቴ ስንት ስም ጻፍኩ። ምን እንደምጽፍ እያወቅሁ ስጽፍ ይህ መጀመሪያዬ ነው። የመጨረሻዋን ፊደል ሁለት ጊዜ ደገምኳት፤ ለኔሜሲዮ ቀለሙ ቀጥኖ ነው አልኩት።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩት በዋናነት ለዚህ ነው። አንቺ በየዓመቱ በኦገስት ሻማ ታበሪለታለሽ። ቀኑ ያ አይደለም። አባዬ የሞተው ማርች 11 ቀን 1960 ነው፣ ዓርብ ቀን። ጠዋት ለዳቦ ቤቱ እንጨቱን አራግፎ መጣ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ዳቦ በቡና እየነከረ በላ። ዶሚቲላ ሁለተኛውን ኩባያ ይዛ ስትወጣ አልፏል። አልተሰቃየም፣ ማንንም አልጠራም። ወረቀቱ ከኪሱ ነው የተገኘው። ይህን ማንም ሊነግርሽ የሚችል ሰው ስላልነበረ እኔ ነገርኩሽ።

እስከ ወሩ መጨረሻ አልመጣም። የዶሚቲላ በረንዳ ቀለሙ ተላልጧል፤ አይቶ ማለፍ ለኔ ነውር ነው። ደብዳቤው ይቅደመኝ። ስደርስ ምንም አልጠይቅሽም። ልታወሪ ከፈለግሽ በርጩማ ስቤ እሰማሻለሁ፤ ካልፈለግሽ የማወራው እኔ ነኝ፣ ወሬ አልቆብኝ አያውቅም። ዶሚቲላ ለገና ላ ኖሪያን ማየት ትፈልጋለች። ፍራሽ አላት፣ ይዛ ትመጣለች፤ አንቺ እሺ ካልሽ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያበርታልሽ። እንቅልፍሽን ያጣፍጥልሽ። የተሸከምሽውን ሁሉ ከላይሽ ያውርድልሽ፣ እድሜሽን እንደ ባሕሩ ያስፋልሽ።

መልስ ጻፊልኝ። በዚህ ከተማ ፖስታ ቤት በስሜ ይደርሰኛል። ረጅም አድርገሽ ጻፊ፤ ከእንግዲህ በመካከላችን የሚያነብልኝ ሰው የለም። ደግሞ አባዬ እውነቱን ነው፤ መስመርሽ ቀጥ ያለ ነው።

ወንድምሽ
ክሪሳንቶ አርባዮ፣ የሊቦሪዮ ልጅ